ልዩ ልዩ

ማክሰኞ ነው ዛሬ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል፤
የቃሊቲ ነፋስ ቆርቆሮ ያንኳኳል።
እኔ ደብተር ይዤ ከጠረጴዛው ጥግ፣
የምጽፈው የሚባለውን፣ የማልጽፈው የሚደረግ።

በግራ ፈትሎች፣ በቀኝ ጆንያዎች።
አንድ ማኅበር ሆነን ሦስት ወር አለፈን፣
አንድ ወንበር ላይ ግን ገና አልተቀመጥን።
አዲሱ ማኅተም ከቀራጩ አልመጣም፣
ካሮጌዎቹ አንዱ «እኔ ልቅር» አይልም፤
በየደብዳቤው ሥር ሁለቱም ያርፋሉ፣
ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ፣ ይደራረባሉ፤
ከላይ የቱ ይሁን ብለን ስንከራከር
የአንድ ቀን ስብሰባ ቀለም ሆኖ ሲቀር
አየሁ።

የአስተዳደሩ ሰው መነጽሩን ጠርጎ
አንድ ወረቀት ገፋ፣ በጣቱ ዳር አድርጎ፦
«ወተት ወይ ሰርቪስ ነው። በጀቱ ላንድ ነው።
ተመካከሩበት፤ ዐሥር ደቂቃ አላችሁ» አለና ወጣ፤ በሩን ሳይዘጋው።
ምናላቸው ብሎ ስም ያወጣለት ሰው
ስለኛ እየጠየቀ ነበር የሚመስለው።

ወተቱ የፈትል ነው፤ ለጥጥ ብናኝ ማርከሻ፣
ግማሽ ሊትር በቀን፣ ከድሮ ስምምነት የቀረ ድርሻ።
ሰርቪሱ የጆንያ ነው፤ ለሌሊት ፈረቃ፣
ከገላን ማዶ ለሚገባ፣ ጅብ ለሚሸኘው በጨረቃ።

ኤርጎጌ ተነሣች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያለችው ክር ስትቀጥል፦
«ወተቴን አልሰጥም! ደረቴ ውስጥ ያለው ጥጥ ፍራሽ ይሞላል!»
ጃለታ መለሰ፣ ጆንያ ሰፊ፣ ጣቱ መርፌ የቀመሰ፦
«ዓምናስ? ምን ነበር በብርቄ ላይ ከድልድዩ ሥር የደረሰ?»
ዝም አልን። ብርቄን የማያውቅ የለም።
ግን ዝምታም ወገን አለው፤ እኩል ዝም አላልንም።

ከዚያ የአገልግሎት ዘመን ተነሣ፤ ማን ይቅደም በዕድገት፤
አንዱ የሌላውን ዓመት፣ እንደ ሐሰተኛ ብር ኖት፣
ወደ መስኮቱ አንሥቶ አገላብጦ አየበት።

ሊቀመንበሩ ሺበሺ ጉሮሮውን ጠረገ፤
«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ተረት አደረገ።
«ይሁን» አለች ኤርጎጌ፣ «ሸማኔ ነው ያባቴ ዘር፤
ማን ድር፣ ማን ማግ ይሁን? ድሩ ይቆማል፤ ማጉ ነው የሚወረወር።»
ማንም አልሳቀም።

ያን ጊዜ ቀና ስል ከኮሪደሩ ላይ ጫማ አየሁ፤
በሩን ለምን እንዳልዘጋው ያን ጊዜ ነው የለየሁ።
ዐሥሩ ደቂቃ አላለቀም፤ እሱ ግን ጨርሶ ነበር።
«ለሚቀጥለው ማክሰኞ ተላልፏል»፤ እንዲህ ነው የሚጻፈው ነገር።

ማታ ዝናብ ጣለ። የጆንያው ሰርቪስ ከግቢው ሲወጣ፣
ሾፌሩ፣ ማን እንዳዘዘው እንጃ፣ ለፈትሎቹም ቆመ፤
«ግቡ፣ ጭቃ ነው» አለ፤ ማንም አልተቆጣ።
ኤርጎጌ ገባች፤ ከጃለታ ኋላ፣ ሦስት ወንበር ርቃ፤
መብራቱ ተቃጥሏል፤ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ሽታው የቃጫና የጭቃ።

ቱሉ ዲምቱ መታጠፊያ ላይ አንድ ሳል ተነሣ፤ ደረቅ፣ ከሥር የሚምስ፤
ሌላ ሳል ከፊት መለሰለት፤ ከዚያ ከወዲያ ሌላ፣ እስከ መጨረሻው ወንበር ድረስ።
የቱ የጥጥ ነው፣ የቱ የቃጫ? ጆሮዬን አቅንቼ
ለመለየት ሞከርኩ፤ አልቻልኩም፤ ከሁለቱም ጋር ዓመታት ሠርቼ።

ሳል በቃለ ጉባኤ አይያዝም። ደብተሩን ግን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ፤
በጨለማ፣ መኪናው እየናጠኝ፣ የማክሰኞን አጀንዳ አዘጋጀሁ፦
አንድ፣ ወተት። ሁለት፣ ሰርቪስ። ሦስት፣ የማኅተም ጉዳይ።
አራት፣ ልዩ ልዩ።
እሱ ሥር ቦታ ተውኩ፤ ሰፊ። እንዲታይ።